ድሪቶ አትበይው

ቆይ፣ መቀሱን መልሰሽ አስቀምጪው። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ምክር አይቀጥለውም፤ እኔም ከሥራ በቀጥታ ወደዚህ የመጣሁት ሳትጀምሪ ልድረስብሽ ብዬ ነው። ሻንጣውን ከአዲስ አበባ ይዘውልን የመጡ ቀን አብረን ከፍተን፣ የእማዬ የዕጣንና የቡና ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ሁለታችንም ቃል ሳንተነፍስ መልሰን እንደዘጋነው አልረሳውም። አሁን ሙት ዓመቷም አለፈ። አንቺ ደግሞ ቀሚሶቿን ቀጣጥለሽ ኩዊልት ልትሠሪ ተነሥተሻል። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ብቻ ትናንት በስልክ «እትዬ፣ የእማዬን ልብስ ድሪቶ ላደርገው ነው» ስትዪኝ ቃሉ ከንክኖኝ አደረ።

ድሪቶ በኛ አገር የማጣት ስም ነው። እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበረ እስኪጠፋ ድረስ የሚለበስ ልብስ ነው። ቃሉን የምነቅፈው ድህነትን ስለሚያስታውስ አይደለም። ድሪቶ የሚጣፈው ቀዳዳ ስለተከፈተ፣ ያውም ቀዳዳው በተከፈተበት ቦታ ነው። አንቺ የምትሠሪው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ለምን እዚያ እንደገባ ታስቦበት ነው። ስሙን ካሳነስሽው እጅሽም አብሮ ይሰንፋል፤ «ለድሪቶ ምን አለው» እያልሽ የተጣመመውን ስፌት ሳትፈቺ ታልፊያለሽ።

እና ምን እየሠራሽ እንደሆነ መጀመሪያ እንግባባ። ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው፤ ከላይ ፊቱ፣ ከሥር ገበሩ፣ በመሃል ባዘቶው። ሦስቱን ወጣ ገባ እያለ አንድ ላይ የሚይዘው ስፌት ነው ኩዊልት የሚያሰኘው። ቁርጥራጭ መቀጣጠል ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው የሲሲሊው የትሪስታን ኩዊልት በ14ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራ ነው፤ የተለያየ ቀለም ያለው ቁርጥራጭ አታገኚበትም። በነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ፈረሰኞችና መርከቦች በስፌት ተሥለው፣ ሥዕሉ አብጦ እንዲታይ ከውስጡ ጥጥ ተወትፎበታል። የቤንጋል ሴቶች ደግሞ ካንታ የሚሉትን የሚሠሩት ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው ከዳር እስከ ዳር በመርፌ እየወጉ ነው። ይህን የምነግርሽ ከትናንት ጀምሮ የምታወሪኝ ስለ ፊቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ፊቱ ዓይን ይስባል፤ ኩዊልቱ ሃያ ዓመት ይቆይ ወይም በሦስተኛው እጥበት ይበጣጠስ የሚወሰነው ግን በጨርቁ ዓይነትና በስፌቱ ነው።

በይ ሻንጣውን ክፈቺ። ልብሶቹን በቀለም አንለያቸውም፤ በጨርቅ ዓይነት ነው የምንለያቸው። እነዚህ አበባ አበባ ያለባቸው የቤት ቀሚሶች ጥጥ ይመስሉኛል፤ መምሰል ግን አይበቃም። ከጫፉ አንዲት ክር ምዘዢና በወረንጦ ይዘሽ፣ ከሥሯ ሳህን አድርገሽ ክብሪት ጫሪባት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ትነዳለች፤ ሽታዋም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ የሚቀረው በጣት ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ከሆነች ተሸብሽባ ትቀልጥና ስትበርድ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ትሆናለች። አየሽ? ይቺ ሰማያዊዋ ጥጥ ናት። ያቺ ለኔ ሠርግ የለበሰቻት አረንጓዴ ግን ቀለጠች። እሷን ከጥጡ ጋር አትቀላቅዪያት። ስፌቱ አንገቱን የሚደፋልሽ በጋለ ካውያ ነው፤ ለጥጥ የሚበቃው ሙቀት ፖሊስተሩን ያኮማትረዋል። ለብቻዋ ትራስ ልብስ ሥሪባት፤ እኔ እወስደዋለሁ።

ሹራቦቹን ተያቸው። የሚለጠጥ ጨርቅ ከማይለጠጥ ጋር ሲሰፋ ሁሌም አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያጨማድደዋል። ሐሩን ሻሽም አስቀምጪው። ሐር የምፈራው በምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፤ በ1880ዎቹ እዚህ አሜሪካ ክሬዚ ኩዊልት የሚሉት ፋሽን መጥቶ ነበር። የሐርና የከፋይ ቁርጥራጭ ያለ ቅርጽ እየሰካኩ መገጣጠሚያውን ሁሉ በጥልፍ ይሸፍኑታል። ዛሬ እነዚያን ኩዊልቶች በሙዚየም ብታዪያቸው ከፋዩ ደህና ነው፤ ሐሩ ግን በረጃጅሙ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል። ሐር ሲታጠብ ሙጫው ወጥቶ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚሸጠው ደግሞ በሚዛን ነበር። ነጋዴዎቹ የጎደለውን ክብደት በቆርቆሮና በብረት ጨው ይሞሉት ነበርና ጨርቁን ከውስጥ የበላው ያ ነው። በአሮጌ የጥጥ ኩዊልቶች ላይም ቡናማው ቁራጭ ብቻ ተበልቶ ሌላው ደህና ሆኖ ታገኛለሽ፤ ለቡናማው ቀለም ማስያዣ የሚጨመረው ብረት ነው ያበላሸው። ጨርቅ በዕድሜ ብቻ አያረጅም፤ የተነከረበትም ነገር ያስረጀዋል።

ቀዩን ነገር ደግሞ ከራሴ ስሚ። የመጀመሪያ ኩዊልቴን የሠራሁት ትልቁን ልጄን አርግዤ ነው። ቀይ ጥጥ ገዝቼ፣ ሳላጥበው ቆርጬ ከነጭ ጋር ቀጣጠልኩት። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ደክሜበታለሁ። መጀመሪያ ያጠብኩት ቀን ነጩ በሙሉ የሽንኩርት ልጣጭ መስሎ ወጣ፤ ቆሜ አለቀስኩ። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድመሽ እጠቢ፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊውን ለየብቻ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ቀዩን እሺበት፤ ነጩ ላይ ቀለም ከታየ መልሰሽ እጠቢ፣ አሁንም ከለቀቀ ተዪው። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል የሚሉሽን አትስሚ፤ የፋብሪካ ቀለም በዚያ አይያዝም። የ19ኛው መቶ ዘመን ሴቶች ቱርክ ሬድ ለሚባለው ቀይ ጨምረው ይከፍሉ የነበረው ለዚህ ነው። ከተክል ሥር የሚወጣ፣ ከዘይት ጋር እየተደጋገመ የሚነከር ቀለም ነበር፤ አይለቅም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም ከነጩ አጠገብ ቀይ እንደሆነ አለ።

ነጠላዋን ስጪኝ። አትቁረጪ የምልሽ መስሎሽ ፈርተሻል፤ አልልሽም። ግን ነጠላ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አይደለም። ድርና ማጉ ስለሚላላ በቆረጥሽበት ሁሉ ይተረተራል። ከጀርባው በካውያ የሚለጠፈውን ስስ የጥጥ ማጠንከሪያ ለጥፈሽ፣ ከዚያ በኋላ ቁረጪ። ለሌላው ጨርቅ የስፌት ትርፍ ሩብ ኢንች ይበቃል፤ ለነጠላው ግማሽ ኢንች ተዪለት። ጥለቱን ግን አትንኪው። የሸማኔው ልፋት ያለው እዚያ ነው፤ ክሩም ወፍራም ስለሆነ በትንንሽ ቁራጭ ውስጥ ሲገባ ይጎብጣል። ከነሙሉ ርዝመቱ በራስጌ በኩል ዳር አድርጊው፤ ስትተኚ ጉንጭሽ የሚነካው እሱ ይሆናል።

ለመሃሉ የተዘጋጀ ባዘቶ ከሱቅ ልትገዢ እንደነበር ነግረሽኛል። ጋቢዋ እያለ? የጋቢውን ድርብ ስፌት ፍቺና አንዱን እጥፍ ብቻ አስገቢው፤ ሁሉንም ካስገባሽው መርፌ አያልፍም። አስቀድመሽ በሞቀ ውሃ አጥበሽ አድርቂው፣ የሚሰበሰበውን ያህል አሁን ይሰብሰብ። አሮጌ ብርድ ልብስ በአዲስ ኩዊልት ሆድ ውስጥ ማስገባት እኔ የፈጠርኩት አይደለም። አንዳንድ የቆዩ ኩዊልቶች ሲቀደዱ ከውስጣቸው ሌላ ያረጀ ኩዊልት ይወጣል።

ለገበሩ አቡጀዲ። እዚህ አገር ሙስሊን ይሉታል፤ ያልነጣ፣ ተራ ሽመና ጥጥ ነው፤ ኩዊልት ሠሪዎች ለገበርም ለመደገፊያም የሚጠቀሙበት እሱን ነው። ስለ አቡጀዲ ሳስብ ሁሌም አንድ ነገር ይገርመኛል። አያቶቻችን ይለብሱት ከነበረው አቡጀዲ ብዙው ከዚሁ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። በ1903 የአሜሪካ መንግሥት ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲልክ ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የዚህ ጥጥ ታሪክ የባርነት ታሪክ ነው። ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫውን መኪና በ1793 ሠራ፤ ፍሬውን ከጥጡ መለየት ቀለለ፣ ጥጥ መዝራት አዋጣ፣ የሚለቅመው እጅ ግን የባሪያ ነበር። በ1790 ወደ 700,000 የነበረው በባርነት የተያዘ ሕዝብ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። ኩዊልት የሚያምረውን ያህል ይህንንም ተሸክሟል፤ ስትሠሪ እወቂው።

ቁርጥራጭ መቀጣጠል ከድሃ ቤት ብቻ የወጣ ነው የሚሉሽንም ሙሉ በሙሉ አትመኚ። በ18ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ኩዊልት የባለጠጎች ዕቃ ነበር፤ ጨርቅ ውድ ነበርና። ሴቱ ሁሉ መቀጣጠል የጀመረው ከ1840ዎቹ ወዲህ ፋብሪካዎች ባለ አበባ ጥጥ በርካሽ ሲያወጡ ነው። በ1846 ኤሊያስ ሃው፣ በ1851 ሲንጀር የስፌት መኪና ፓተንታቸውን አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ የዱቄትና የመኖ ነጋዴዎች ከረጢቱን ራሱን አበባ እያተሙበት መሸጥ ጀመሩ። ባል ለዶሮ መኖ ሲላክ ሚስት የምትፈልገውን የአበባ ዓይነት ነግራ ትልከው ነበር ይባላል። እማዬ የስንዴ ጆንያ ፈትታ አጥባ የወጥ ቤት መጥረጊያ ስታደርግ አላየሽም? ያው ነው።

አሁን ንድፉ። ያሳየሽኝን የባልቲሞር አልበም ተዪው፤ እያንዳንዱ ካሬ የአበባ ጉንጉንና ወፍ በጨርቅ ላይ ጨርቅ እየተለጠፈ የሚሠራ ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያስለቅስሻል። ላንካስተር ያሉት አሚሽ የሚባሉት ሃይማኖተኞች ደግሞ ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ አንድ ቅዳሜ እወስድሻለሁ። ድሮ ይሠሩት የነበረው ከሱፍ፣ አበባ የሌለበት፣ በመሃሉ አንድ ትልቅ ሰያፍ ካሬ ብቻ ያለበት ነው፤ ወይን ጠጁ ከጥቁር ሰማያዊው ጎን ሲያርፍ ከሩቅ ያበራል። በ1971 ኒውዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ኩዊልቶችን ከአልጋ አንሥቶ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ሰዉን ያስደነቀው እንዲህ ያለው ነበር። የእማዬ ቀሚሶች ግን አበባ ናቸው፤ ለዚያ አይሆኑም።

ለአንቺ የሚሆነው ሎግ ካቢን ነው፤ የግንድ ቤት ማለት ነው። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ታስቀምጪያለሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፤ የቤቱ ምድጃ ናት ይላሉ። ከዚያ ረጃጅም ቁራጮችን ዙሪያዋን እንደ ግንድ ትደረድሪያለሽ፤ በሁለት በኩል ፈካ ያለ፣ በሁለት በኩል ጠቆር ያለ። ለቀሚስ የሚስማማው ለምን መሰለሽ? ያረጀ ቀሚስ ሙሉ ካሬ የሚወጣለት ደህና ቦታ ላይኖረው ይችላል፤ የሁለት ኢንች ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ግን ከጎኑም፣ ከእጅጌውም ይወጣል። እያንዳንዱን ዙር ስትጨርሺ በካውያ ተኩሺው፣ በማስመሪያ ለኪው። በመጀመሪያው ዙር የተዛነፈች አንዲት ክር በስድስተኛው ዙር ጣት ታህላለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጭ በዪ፤ ስለ ጂስ ቤንድ ልንገርሽ፤ እኔን ስፌት ያስወደደኝ የዚያ መንደር ሴቶች ናቸው። አላባማ ውስጥ ነው፤ የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ዞሮ የከበበው መሬት ነው። በ1816 ጆሴፍ ጂ የሚባል ሰው የጥጥ እርሻ አቋቋመበት፤ በ1845 ማርክ ፔትዌይ ገዛው። ዛሬም የመንደሩ ሰው አብዛኛው ፔትዌይ ነው የሚባለው፤ የባለቤታቸውን ስም ይዘው የቀሩ የባሮች ልጆች ናቸው። በ1932 ያበደራቸው ነጋዴ ሞቶ ወራሾቹ ዕዳ ብለው ከብቱን፣ ማረሻውን፣ እህሉን ሳይቀር ጠርገው ወሰዱ። ክረምቱን የወጡት ሴቶቹ በሚሠሯቸው ኩዊልቶች ነው። አልጋ ላይ ይደራርቡታል፣ ወለል ላይ ያነጥፉታል፣ ነፋስ በሚያስገባው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከሥራ ልብስ ነበር የሚሠሩት፤ ከጉልበቱ ካለቀ ሱሪ፣ ከትከሻው ከነጣ ሸሚዝ።

ከመካከላቸው ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተ፤ በ1942 የሥራ ልብሱን ሰብስባ ልጇ አርሎንዚያ እንድታግዛት አደረገች፤ ቀዳድደው ቀጣጥለው ኩዊልት ሠሩት። ልጅቱ አድጋ ስትናገር እናቷ ያንን ያደረገችው እሱን ለማስታወስና ከሥሩ ለመተኛት እንደነበር ገልጻለች። እኔ ይህን ያነበብኩት እማዬ ከሞተች በሦስተኛው ወር ነው። ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጣ ያለ ቡናማ፤ ረጃጅም ቁራጭ ብቻ፣ ምንም ጌጥ የለውም። ፎቶውን ሳየው ሰውየው ቁመቱ ምን ያህል እንደነበረ የማውቅ መሰለኝ።

ጂስ ቤንዶች ከዚያ በኋላ ብዙ አይተዋል። በ1962 ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ተቋረጠባቸው፤ ጥቁሮቹ ለምርጫ ሊመዘገቡ ወደ ካምደን ከተማ መሻገር በጀመሩበት ጊዜ ነው። የተመለሰላቸው በ2006 ነው። በ1966 ከአካባቢው ሴቶች ጋር ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የሚባል የኅብረት ሥራ አቋቋሙ፤ በ1972 ሲርስ የሚባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት የትራስ ልብስ ሲያዛቸው ኮርዱሮይ የሚባለው መስመር መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ ወደ መንደሩ ገባ፤ ከሥራው የተረፈውን ቁርጥራጭ ወደ ቤት ወስደው ወርቃማና ቀይ ኩዊልት አደረጉት። በ2002 መጀመሪያ የሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያ ዊትኒ ሙዚየም ሥራቸውን አሳየ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር ቴምብር አተመላቸው። ከነሱ የምትወስጂው ይህን ነው፤ ንድፉን ከመጽሐፍ አልገለበጡትም። የቀራቸው ጨርቅ ሲያልቅ መስመሩ ይሰበራል፣ ሌላ ቀለም ይገባል፤ የተሰበረበት ቦታ ነው የኩዊልቱ ውበት የሆነው። ሰማያዊው ሲያልቅብሽ ተመሳሳይ ፍለጋ ሱቅ አትሂጂ። ያለሽን አስገቢ።

ሌላዋ ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። በ1886 አተንስ ከተማ በነበረ የጥጥ ትርዒት ላይ አንድ ኩዊልት አቀረበች፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በ11 ክፍል፣ ጨርቅ ቆርጣ በጨርቅ ላይ እየለጠፈች፤ አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ መሰላል። ስታዪው ፒያሳ ይሸጥ የነበረው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው የሚመጣብሽ፣ እንደዚያው በየካሬው እየተከፈለ ታሪኩ የሚሄድ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት ኩዊልቱን ልትገዛ ፈለገች፤ ፓወርስ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ችግር ሲጠናባት ይዛላት ሄደች። አሥር ዶላር ጠየቀች፤ አምስት ተሰጣት። ሸጣም አልተወችውም፤ ኩዊልቱን ለማየት እየተመላለሰች ትሄድ ነበር። ዛሬ ስሚዝሶኒያን ውስጥ ነው፣ እዚሁ ዋሽንግተን። ሁለተኛው ቦስተን ነው፤ በ15 ክፍል፣ ከመወለዷ አራት ዓመት በፊት በ1833 የወረደውን የኮከብ ዝናብ ሳይቀር ከሰማችው ሠርታዋለች።

ይህን ያወቅነው ፓወርስ ስለ እያንዳንዱ ክፍል የነገረቻትን ስሚዝ በጽሑፍ ስላስቀረች ነው። ስንት ሺህ ኩዊልት አለ ማን እንደሠራው የማይታወቅ! ስለዚህ ከጀርባው ጥግ ላይ አንዲት የአቡጀዲ ቁራጭ ስፊ፤ በጥልፍ፣ በአማርኛ ፊደል፣ የእማዬን ስም ከነአባቷ፣ ያንቺን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን። በ1987 ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ በኤድስ የሞቱትን ለማሰብ የተነጠፈውን ኩዊልት ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። መጀመሪያ ሲነጠፍ 1,920 ቁራጭ ነበር፤ እያንዳንዱ ሦስት ጫማ በስድስት ጫማ፣ የአንድ መቃብር ልክ። ብዙዎቹ ላይ የምታገኚው ስም ነው፤ ዘመድ በእጁ የሰፋው ስም።

አንድ የምትሰሚው ወሬ አለ። ባሮች ወደ ሰሜን ሲያመልጡ ኩዊልት በአጥር ላይ እየተሰቀለ በምስጢር መንገድ ያመላክት ነበር የሚል። በ1999 በታተመ መጽሐፍ ተስፋፋ፤ በስፌት ክበብ ሁሉ ይወራል። የታሪክ ሰዎች ማስረጃ አላገኙለትም። አንቺ አትድገሚው። ፓወርስና ፔትዌይ በቂ ናቸው።

አሁን መርፌ። አጭሩን ምረጪ፣ ክሩም ጥጥ ይሁን፣ ርዝመቱ ከክንድሽ አይብለጥ፤ ረጅም ክር ሰነፍ የሚያስሮጠው ነው፣ ይጠላለፋል። ጫፉን አንድ ጊዜ ቋጥሪ። ከፊት በኩል፣ ስፌቱ ከሚጀምርበት አንድ ኢንች ራቅ ብለሽ መርፌውን አስገቢ፤ ገበሩን አትንኪ፤ በባዘቶው ውስጥ አሳልፈሽ መጀመሪያው ቦታ ላይ አውጪው። አሁን ቀስ አድርገሽ ሳቢ፤ ቋጠሮው ፊቱ ላይ ሲደርስ ይያዛል፤ ትንሽ ነጠቅ አድርጊው። ሰማሽው? ጧ ብሎ ገባ። ቋጠሮው ባዘቶው ውስጥ ተቀበረ፣ ከፊትም ከኋላም አይታይም። ከዚያ የግራ እጅሽን ከሥር አድርጊ፤ የመርፌው ጫፍ ጣትሽን ሲነካ ብቻ ወደ ላይ መልሺው። ጣትሽ ይደማል፤ ደሙ ጨርቅ ላይ ካረፈ ወዲያው በራስሽ ምራቅ ጥረጊው፣ ይለቃል። በአንድ ኢንች ውስጥ ስምንትና አሥር ስፌት የሚያወጡ አሉ። አንቺ አምስት ይውጣልሽ፤ እኩል ይሁን እንጂ።

ሦስቱን ንብርብር የምናያይዝ ቀን ብቻሽን እንዳትሠሪው። የማኅበራችንን ሴቶች እጠራልሻለሁ። ፈረንጆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በኛ ደቦ ነው። ወንበር ዙሪያውን፣ ኩዊልቱ መሃል፣ ቡናው ራቅ ብሎ። እትዬ ዘነበች ዓይኗ ደክሟል፣ ክር በማስገባት አታስቸግሪያት፤ ስፒሉን እየነቀለች ትሰብስብልሽ። የእማዬን ወሬ እንደሚያወሩ እወቂው፤ ያን ቀን ወሬውን እንደ ሻንጣው አንዘጋውም።

ሲያልቅ ደግሞ አጥፈሽ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳታስገቢው። ፓወርስ ችግር አስገድዷት ሸጠችው፤ ሚዙሪ ፔትዌይ ግን ከሥሩ ተኛች። አንቺም ተኚበት። ልጆችሽ ቡና ያፍስሱበት። ካለቀ ይለቅ፤ አንድ ቦታ ሲበሳ በዚያው ቦታ እንጥፈዋለን።

በይ ሰማያዊዋን ቀሚስ አምጪና እንጀምር። ኪሷን ግን በመቀስ አትቁረጪው። ሃያ ዓመት የቤቱን ቁልፍ የከተተችበት ኪስ ነው፤ ገልብጪው፣ ከኋላ በኩል በየሦስት ስፌቱ ክሩን ብቻ በጥሺ፣ ከዚያ ከፊት ሲሳብ ራሱ ይወጣል። ቀስ። ቀስ በዪ፣ ጨርቁ ሳስቷል። አየሽ፣ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ፀሐይ አላየውም፤ እንደተገዛ ነው። ያንን ካሬ ከነጠርዙ ቁረጪው። በቀይ ፈንታ መሃል የሚገባው እሱ ነው።